«ብድር በምድር» የትኛው ብድር ነው?

ይህን አባባል ደሴ ውስጥ በሁለት ዓይነት ድምፅ ትሰሙታላችሁ። አንዱ የእርካታ ነው። ጎረቤቱን ሲያስለቅስ የኖረ ሰው ቀን ሲጥለው፣ «ብድር በምድር!» ይባልለታል። ሌላው የምስጋና ነው። ለታመመ ሁሉ ሾርባ ስታመላልስ የኖረች ሴት ስትወልድ ቤቷ በጠያቂ ይሞላል፤ ገንፎው ከየቤቱ ይጎርፋል። አሁንም «ብድር በምድር» ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ግማሹን ብቻ ይዞ መሄድ ነው፣ ያሳዝናል።

ግን ለምን «ብድር»? ቤት ስለሚመታ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ብድርና ምድር አፍ ላይ ይጥማሉ። ይሁን እንጂ ቃሉ የተመረጠው ለዜማው ብቻ አይመስለኝም። ይህ ጎልቶ የሚታየው ነገሩን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ስትሞክሩ ነው።

እንግሊዝኛ ቋንቋ የሚጨነቀው ስለ አቅጣጫ ነው። ለሚወስደው «ባሮው»፣ ለሚሰጠው «ሌንድ» ይላል። «ሎን» ደግሞ የተሰጠው ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ። ተማሪዎቻችን «ባሮው ሚ ዩር ፔን» እያሉ መምህሩን የሚያናድዱት ለዚህ ነው። በእኛ ቋንቋ አቅጣጫው ከአንድ ሥር ይወጣል፤ ተበደረ፣ አበደረ፤ ተዋሰ፣ አዋሰ። አማርኛ የሚጨነቀው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የሚመለሰው ዕቃው ራሱ ነው ወይስ አምሳያው?

አንድ ስኒ ቡና እንይ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ጠዋት ላይ አንድ ልጅ የጎረቤት በር ያንኳኳል። «እትዬ፣ እማዬ አንድ ስኒ ቡና ያበድሩኝ ብላለች።» እትዬ ጥሬ ቡናውን በስኒ ይሰፍራሉ፤ አፉ ላይ ሲደርስ በጣታቸው ጠረግ ያደርጉታል። ልጁም ስኒውን እንደያዘ ይሄዳል። ስኒው ውሰት ነው። ቡናው ብድር ነው። ስኒው ራሱ ካልተመለሰ ቅያሜ አለ፤ ሌላ ስኒ ቢያመጡም «የኔ እኮ ጠርዙ ላይ አበባ ነበረው» ይባላል። ቡናውማ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሆኖ አልቋል፤ ማን ይመልሰዋል? የሚመጣው በዚያው ስኒ የተሰፈረ ሌላ ቡና ነው። ጨዋ ሰው ሲመልስ ታዲያ ከአፉ ከፍ አድርጎ ይሞላዋል። እንግሊዝኛው ለስኒውም ለቡናውም «ባሮው» ብሎ ያልፋል።

የቅሬ ዕቃም እንዲሁ ነው። (ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል።) ለድግስ ከየቤቱ የተሰበሰበው ሳህን ጀርባው ላይ የጥፍር ቀለም ምልክት ይደረግበታል። ውሰት ነዋ፤ የማን እንደሆነ መለየት አለበት። ዱቄት ላይ ግን ምልክት የሚያደርግ ሰው የለም።

ሕጉም ይህን ልዩነት ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱን በየራሳቸው ቦታ ያስቀምጣቸዋል። ገንዘብ ወይም ሌላ አላቂ ነገር ያበደረ ሰው ባለቤትነቱንም አብሮ ያስረክባል፤ የሚመለስለት በዓይነትም በመጠንም እኩል የሆነ ነው። ያዋሰ ሰው ግን ዕቃው የራሱ እንደሆነ ይቆያል። መስጊድ ደርሶ ፊቅህ (የእስልምናን ሕግ) የቀራ የደሴ ልጅ ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ እዚያም ቀርድ (ብድሩ) ሌላ፣ ዓሪያ (ውሰቱ) ሌላ ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «ባሮው» በጥንቱ እንግሊዝኛ ሥሩ መያዣ፣ ዋስትና ማለት ነበር። የእኛም «ተዋሰ» ከ«ዋስ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ነገሩን የጀመሩት «ማን ይተማመንልሃል?» ከሚለው ይመስላል።

ወደ አባባሉ እንመለስ። በጎነትም ክፋትም አላቂ ናቸው። ሾርባው ተጠጥቷል። ስድቡ ከአፍ ወጥቷል። ማንም ያንኑ ሾርባ፣ ያንኑ ስድብ ሊመልስ አይችልም። የሚመጣው አምሳያው ነው፤ ያውም ከሌላ እጅ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው «ውሰት በምድር» ቢባል ትርጉም የማይሰጠው። ከባንክ ብድር የሚለየውም እዚሁ ላይ ነው፤ ባንክ የሚያስከፍለው የተበደረውን ወይም ዋሱን ነው፣ ይህኛው ግን ከማን በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም።

የአባባሉ አገር የት ነው ብባል ወንፈል ነው እላለሁ። መረጃ ሳይሆን ግምት ነው። በወንፈል ዛሬ የእኔን ማሳ አብረን እናርማለን፣ ነገ ያንተን። የተሰጠኝ ቀን አልፏል፤ ያንን ማክሰኞ ማንም አይመልሰውም። የምመልሰው ሌላ ቀን ነው፣ በዚያው ጉልበት። ከደሴ ወጣ ብሎ ወደ ኩታበር ወይም ወደ ሐይቅ ላደገ ሰው ብድር ማለት ከብር በፊት ይህ ነው።

«በምድር» የሚለውም ያለ ምክንያት አልገባም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ግብዣ ስታደርግ የሚመልሱልህን ሳይሆን ድሆችን ጥራ፣ ዋጋህን በትንሣኤ ታገኛለህ ይላል። አባባሉ ያን ያህል ትዕግሥት የለውም። ሰማዩን አልካደም፤ ግን ሒሳቡ እዚሁ፣ ሰው እያየ እንዲዘጋ ይፈልጋል።

አነጋገሩን ስትጠቀሙበት ግን ቦታ ምረጡ። ሰርግ ላይ ሽንኩርት ስትልጥ ያደረችን ጎረቤት «ብድር መላሽ ያርገኝ» ብሎ ማመስገን ያምራል። ለቅሶ ቤት ይህንኑ ብትሉ የእሷን ቤት ለቅሶ እየጠበቃችሁ ይመስላል። ስለዚህ እዚያ ብድሩ ለሌላ ይተላለፋል፤ «ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን፣ በደስታ ያገናኘን» ይባላል።