«የጃፓኑ አይቆጠርም» እና ሌሎች ስለ ኢቺሮ የሰለቹኝ ወሬዎች

ሲያትል ውስጥ ልጆችን ቤዝቦል የሚያሰለጥን ሐበሻ ብርቅ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ያገኘኝ ሁሉ ስለ ኢቺሮ ሱዙኪ የሚያስበውን ሳይነግረኝ አያልፍም። ጥያቄ ቢሆን በደስታ እመልስ ነበር። የሚመጣው ግን ያለቀለት ብይን ነው። በጁላይ 2025 ኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ከገባ ወዲህማ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይነሳል። አንዴ ጽፌው ልገላገል፤ ከእንግዲህ የሚሞግተኝን ሰው ይህን አንብብ እለዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጨዋታውን ለማይከታተል በአጭሩ፦ ኢቺሮ በ1973 ጃፓን ውስጥ አይቺ በሚባል ግዛት ተወለደ። ቦታው ከሜዳው ጀርባ በስተቀኝ፣ ራይት ፊልድ ነው። መጀመሪያ ዘጠኝ ዓመት በኮቤው ኦሪክስ ብሉዌቭ፣ ከ2001 ጀምሮ በሲያትል ማሪነርስ፣ ከዚያ በኒውዮርክ ያንኪስ እና በማያሚ ማርሊንስ ተጫውቶ፣ በመጨረሻ ወደ ሲያትል ተመልሶ በማርች 2019 ቶኪዮ ላይ ተሰናበተ። የሚታወቀው በሂት ነው፤ ማለትም የተወረወረለትን ኳስ መትቶ፣ ተከላካዮች ሳያስወጡት ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚረግጠው ማረፊያ) በመድረስ።

«አሜሪካ የተጫወተ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ነው።» አይደለም። ማሳኖሪ ሙራካሚ በ1964 ለሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ወርውሯል፤ ሂዴዎ ኖሞ በ1995 ሎስ አንጀለስን አሳብዷል። ሁለቱም ፒቸሮች፣ ማለትም ለመቺው ኳስ የሚወረውሩ ነበሩ። ኢቺሮ ቀዳሚ የሆነው ከፒቸር ውጭ ባለው ቦታ ነው።

«ከያንኪስ ጋር ዋንጫ በልቷል።» አልበላም። ወርልድ ሲሪስ ላይ፣ ማለትም በአሜሪካው ሊግ የዋንጫ ፍጻሜ፣ አንድ ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም። ዋንጫ ያነሳው በ1996 ከኦሪክስ ጋር፣ በ2006 እና በ2009 ደግሞ ከጃፓን ብሔራዊ ቡድን ጋር በዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ነው።

«ስንት ዓመት ኖሮ እንግሊዝኛ አልለመደም።» ይህን የሚሉኝ ሆስፒታል ሲሄዱ አስተርጓሚ የሚጠይቁ ወገኖቼ መሆናቸው ይገርመኛል። ጋዜጠኛ ፊት በአስተርጓሚ የሚናገረው ቃሉ እንዳይዛባበት ነበር። የሊጉ ምርጦች ከሚገጥሙበት የኦል ስታር ጨዋታ በፊት መልበሻ ክፍል ውስጥ ጓደኞቹን ለማነሳሳት በእንግሊዝኛ የሚያወርደው ስድብ የታወቀ ነው፤ ከላቲኖቹ ጋር ደግሞ በስፓኒሽ ይቀልድ ነበር። የዝና አዳራሽ ንግግሩንም በእንግሊዝኛ ነው ያደረገው። ከ394 መራጮች 393ቱ ድምፅ ሰጥተውት አንዱ ስለቀረ፣ ያንን ሰው እራት ልጋብዘው አስቤ ነበር፣ አሁን ግን ጊዜው አልፎበታል ብሎ ሕዝቡን አሳቀ።

«ጉልበት የለውም፤ ኳሷን ነካ አድርጎ ይሮጣል።» ግማሹ እውነት ነው። በ2004 የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ከሰበረባቸው 262 ሂቶች 225ቱ ሲንግል፣ ማለትም አንድ ቤዝ ብቻ ያስገኙ ናቸው። ነገር ግን የሰበረው ጆርጅ ሲስለር በ1920 ያስመዘገበውንና ለ84 ዓመት ያልተነካውን ቁጥር ነው። እርግጥ ሲስለር ጥቂት ጨዋታዎች ባነሰበት ዘመን ነው የተጫወተው፤ እሱን አልክድም። ግን ሩጫ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ሜጀር ሊግን፣ ማለትም የአሜሪካውን ከፍተኛ ሊግ፣ እኛ በሞላነው ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «የጃፓኑ ሂት አይቆጠርም።»

ነገሩ የተነሳው በጁን 2016 ነው። ኢቺሮ ሳን ዲዬጎ ላይ የጃፓንና የአሜሪካ ሂቶቹ ተደምረው 4257 ሲደርሱ፣ በሜጀር ሊግ ታሪክ ብዙ ሂት ያገኘውን የፒት ሮዝን 4256 አለፈ። ሮዝ ራሱ ተናዶ፣ ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂቶቹንም ሊቆጥሩለት ነው ብሎ አላገጠ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ «የዓለም ንጉሥ ነው» ይላል፣ ሌላው «በደካማ ሊግ ያካበተው ነው» ይላል።

የመጀመሪያዎቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላሰናብት፦ የሜጀር ሊግ ክብረ ወሰን የሮዝ ነው፣ ሊጉ የሚቆጥረው የራሱን ጨዋታ ብቻ ነው፣ በዚያ ቆጠራ ኢቺሮ 3089 አለው።

ሁለተኞቹ ግን ሂሳብ ሳይሠሩ ነው የሚናገሩት። ኢቺሮ በጃፓን 951 ጨዋታ ተጫውቶ 1278 ሂት አገኘ፤ ለአንድ ጨዋታ 1.34 መሆኑ ነው። አሜሪካ በገባባቸው የመጀመሪያ አሥር ዓመታት በ1588 ጨዋታ 2244 አገኘ፤ 1.41። በየዓመቱም ሳያቋርጥ ከ200 በላይ። ሂቱ የበዛው የጃፓን ፒቸሮች ስለደከሙ ከነበረ፣ ኃይለኞቹ ጋ ሲመጣ ለምን ጨመረ?

እዚህ ላይ ነገር የሚያውቅ ሰው «አሜሪካ ሁልጊዜ ከቡድኑ መቺዎች የመጀመሪያው ሆኖ ስለሚሰለፍ የመምታት ዕድሉ በዝቶለት ነው» ይለኛል። ደህና፣ በዕድል እናስላው። በጃፓን ከሺህ የመምታት ዕድል 353ቱን ሂት ያደርግ ነበር፤ በአሜሪካዎቹ አሥር ዓመታት 331ዱን። ወርዷል። እንግዲያውስ ቅናሹን ከጃፓኑ ሂት ላይ እንቁረጥ። 1278ቱ ወደ 1198 ገደማ ይወርዳል። 3089 ሲደመርበት 4287። ከነቅናሹም ከሮዝ በላይ ነው! ይህን ለአንድ ወዳጄ ካፌ ውስጥ በሶፍት ላይ ጽፌ ሳሳየው «ሂሳብ እኮ ሁሉንም ነገር ያሳምናል» ብሎ ወሬ ቀየረ።

ደግሞ ስለጠፋው ጊዜ ማንም አያነሳም። ሮዝ ሜጀር ሊግ የጀመረው በ21 ዓመቱ ነው፣ ኢቺሮ በ27። የጃፓን የውድድር ዓመት ያኔ 130 እና 135 ጨዋታ ሲሆን የአሜሪካው 162 ነው። ከዘጠኙ የጃፓን ዓመታትም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባክነዋል፤ አሰልጣኙ አመታቱን ስላልወደዱለት በአብዛኛው በታችኛው ቡድን ነው ያሳለፋቸው። በ1994 አኪራ ኦጊ የሚባሉ አዲስ አሰልጣኝ መጥተው እንደፈለገ ምታ አሉት፤ በዚያው ዓመት በ130 ጨዋታ 210 ሂት አገኘ። ጃፓን ውስጥ በአንድ ዓመት 200 የደረሰ ከሱ በፊት አልነበረም። አሜሪካ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ስንት በሆነ ነበር የሚለውን ለሚከራከሩኝ ሰዎች እተወዋለሁ።

«ኮች፣ ልጄን በግራ እንዲመታ አድርግልኝ፤ ኢቺሮም የተሠራው እንደዚያ ነው።» ይሄ እንኳ ትዕዛዝ ነው። በተፈጥሮው ቀኝ እጁን የሚጠቀም መሆኑ እውነት ነው፤ የሚወረውረውም በቀኙ ነበር። በግራ የሚመታ ሰው ለመጀመሪያው ቤዝ አንድ ሁለት እርምጃ ስለሚቀርብ አባቱ ከልጅነቱ በግራ አስለመዱት። የሚረሳው ቀሪው ነው። ኢቺሮ ስድስተኛ ክፍል ሳለ በጻፈው ድርሰት፣ ከዓመቱ 365 ቀን 360ውን በከባድ ልምምድ እንደሚያሳልፍ ተናግሯል። አድጎ ስለዚያ ሥልጠና ሲጠየቅ ደግሞ ወደ ማሰቃየት የተጠጋ እንደነበር ነው የመሰከረው፤ ከአባቱም ጋር ሳይስማሙ ቆይተዋል። ወላጆች የመጀመሪያውን ታሪክ ይነግሩኛል፣ ሁለተኛውን ሰምተው አያውቁም።

አንድ አባት በቀኙ ደህና አድርጎ የሚመታ ልጁን ቤት ውስጥ ወደ ግራ አዙሮ አመጣልኝ። ልጁ ኳስ መንካት አቃተው፤ ቀጥሎ ልምምድ በደረሰ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ይል ጀመር። ወደ ቀኙ መለስኩት፣ ሆዱም ዳነ። ስለዚህ እባካችሁ፦ ልጁ ባቱን (መምቻ ዱላውን) በየትኛው በኩል ማንሳት እንደሚቀለው ራሱ ያሳያችኋል፣ እዩት። ታላቅ ወንድሙ የተወውን ከባድ ባት አታስይዙት፤ ቀላሉን ይዞ በፍጥነት ቢያወዛውዝ ይሻላል። የቤዝቦል ወቅት ሲያልቅ እግር ኳስ ይጫወት፣ ይዋኝ፣ ክንዱ ይረፍ። ከአጥሩ ጀርባ ሆናችሁ በአማርኛ መመሪያ አትጩኹ፤ እኔም በእንግሊዝኛ እየጮኽኩ ስለሆነ ልጁ የማንን ይሰማል? መኪና ውስጥ ሲገባም መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት መታህ?» አይሁን። ውሃውን ጠጥቶ እንደሆነ ጠይቁት።

አንድ ቀረኝ። «ወርውሮ አያውቅም» የሚሉ አሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፒቸር ነበር። በኦክቶበር 2015 ፊላዴልፊያ ላይ ለማርሊንስ አንድ ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱን) ወርውሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላም በ2021፣ በ48 ዓመቱ፣ ኮቤ ላይ ከሴት ተማሪዎች ምርጥ ቡድን ጋር ገጥሞ ዘጠኙንም ኢኒንግ ብቻውን ወርውሮ አሸንፏል።