ካቻቢቴ ሲያመልጥ፦ ስለ ተጎዳ ማዘርቦርድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሳምንት አንድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተር ዋናው ሰሌዳ) በነጠላ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ።

«ጋሼ፣ ካቻቢቴ አመለጠኝ» አለኝ። የፕሮሰሰሩን ፋን ሊያጸዳ ፈትቶ፣ መልሶ ሲያጠብቅ ነው። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የጥፍር ርዝመት ያላት ጭረት አለች።

«ከዚያስ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «አብርቼ አየሁት።»

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለችው ጠባብ ሱቄ ይቺን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አላውቅም። በእኔ ልምድ ካቻቢቴው ብቻውን የሚገድለው ቦርድ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚሞተው ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት፣ ባለቤቱ ሲደነግጥና የሰማውን ሁሉ ሲሞክር ነው። የሚሰማቸው የተሳሳቱ ምክሮችም እነዚህ ናቸው።

«አብርቶ ማየት ነው፤ ካልሠራ ያኔ ይታሰብበታል»

ይሄ ከሁሉም ይከፋል። ዴስክቶፕ ቦርድ ላይ 12 ቮልት የሚሄድባቸው መስመሮች አሉ። ፕሮሰሰሩ ደግሞ የሚሠራው 1 ቮልት ገደማ በሆነ ኃይል ነው። በተላጠ መዳብ ወይም ሥር በገባች ብሎን ሁለቱ ሾርት ካደረጉ፣ በቀላሉ ይጠገን የነበረው ጭረት ፕሮሰሰሩን ይዞት ይሄዳል።

«አጥፍቼዋለሁ» ማለትም አይበቃም። ዴስክቶፕ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ 5 ቮልት ቦርዱ ላይ ይቆያል። ብዙ ቦርድ ላይ ይህን የምትናገር ትንሽ መብራት አለች። ገመዱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ መብራቷ ስትጠፋ ያኔ እጃችሁን አስገቡ። ላፕቶፕ ከሆነ የባትሪው ገመድም መነቀል አለበት። መብራት ሲሄድ ሁላችንም እናማርራለን፤ በዚያች ደቂቃ ቢሄድልን ግን ስንቱ ቦርድ በተረፈ ነበር።

«ከተጫረ በቃ፣ ሞቷል»

ማዘርቦርድ ሲያዩት አንድ ጣውላ ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ 4፣ 6፣ 8 አንዳንዴም ከዚያ በላይ የመዳብ ንብርብር አለው። ከላይ የሚታየው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቀለም መዳቡን የሚሸፍን ልባስ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ካቻቢቴው ምን ያህል ጠለቀ የሚለው ነው።

ቦርዱን መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ አዘንብሉት፤ ብርሃኑ በጎን ይምታው። በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ። ቀለሙ ብቻ ነጣ ብሎ ከታየ ምንም አልሆነም፣ ተዉት። ወርቅማ ነገር ካብለጨለጨ መዳቡ ተጋልጧል ማለት ነው፤ ካልተቆረጠ በአልኮል ተጠርጎ መሸፈን ይበቃዋል። ከተቆረጠ ደግሞ ቴስተሩን «ጢጥ» በሚለው ላይ አድርጎ ከጭረቱ ወዲህና ወዲያ መለካት ነው። ድምፅ ከሌለ መስመሩ ተበጥሷል። የመዳቡ ውፍረት ብዙ ጊዜ 0.035 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከፀጉር ክር ይሳሳል። ቢሆንም በማጉያ ሥር ቀለሙን ፍቆ፣ በቀጭን ልባስ ሽቦ ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ይቻላል። የሚሠራው ሰው እጁ የማይንቀጠቀጥ መሆን አለበት እንጂ።

አንድ ቦታ ግን ያስቸግራል። በፕሮሰሰሩና በራም (በጊዜያዊ ማስታወሻው) መካከል እንደ እባብ የሚጠማዘዙ መስመሮች አሉ። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስሉታል። የተጠማዘዙት ርዝመታቸው እንዲስተካከል፣ መልእክቱም እኩል እንዲደርስ ነው። እዚያ ላይ ሽቦ መቀጠል አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ጭረቱ ወደ ውስጠኛው ንብርብር ከገባ ደግሞ «አልችልም» እላለሁ። እችላለሁ የሚላችሁ ካለ ገንዘቡን አስቀድማችሁ አትስጡት።

«ከቦርዱ ተነቅላ የወደቀችው ዕቃ ትንሽ ናት፤ ያለሷም ይሠራል»

እውነትነት አለው፤ አሳሳችነቱም እዚያ ላይ ነው። ቡናማዎቹ ጥቃቅን ካፓሲተሮች ብዙዎቹ ኃይሉ እንዳይዋዥቅ ተደጋግፈው የሚሠሩ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ብትጎድል ኮምፒውተሩ ሊነሳ ይችላል። ግን ሥራ ሲበዛበት ቀጥ ብሎ ሊቆም፣ ወይም በራሱ ሊጠፋ ይችላል፤ እናንተም ዊንዶውሱ ነው ብላችሁ ሦስት ጊዜ ፎርማት ታደርጉታላችሁ። ሬዚስተር ከሆነች ግን ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

የወደቀችውን እንዳትጥሏት። እነዚያ ካፓሲተሮች ላያቸው ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ጠፍታ ከሄደች መጠኗን ለማወቅ የቦርዱን ንድፍ ወይም ተመሳሳይ ቦርድ መፈለግ ነው። ፕላስተር ላይ ለጥፋችሁ አምጡልኝ፤ ከየት እንደወደቀችም በስልክ ፎቶ አንሱ።

«ቡና ከፈሰሰበት ሩዝ ውስጥ ቅበረው»

ሩዝ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ጤፍ ውስጥ የተቀበረ ላፕቶፕ መጥቶልኛል። ከማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹ ጤፍ ስለቅም ግማሽ ቀን ሄደ።

ቡና እየተፈላ፣ ረከቦቱ አጠገብ ላፕቶፕ ከፍቶ መሥራት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ሲኒ ትገለበጣለች። ሩዝ ቦርዱ ላይ የቀረውን ስኳርና ጨው አያወጣም፤ ከቺፑ ሥር የገባውን እርጥበትም አይደርስበትም። መዳቡን የሚበላው እርጥበት፣ ጨውና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው። ያ ደግሞ ቀን አይጠብቅም፤ ኃይል ካለ ወዲያው ይጀምራል። ስለዚህ ማጥፊያውን ተጭኖ በኃይል ማጥፋት፣ ቻርጀሩን መንቀል፣ ክዳኑን ከፍቶ እንደ ድንኳን መድፋት። ከዚያ ተፈትቶ ባትሪው ይወጣና ቦርዱ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በአልኮል ይታጠባል። 99% የሆነው አይሶፕሮፒል ይመረጣል። የፋርማሲው 70% ውሃ አለበት፤ ሌላ ከሌለ ይሠራል፣ ማድረቂያው ጊዜ ግን ይረዝማል። ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ውሃውን ያደርቅ ይሆናል፣ ስኳሩ ግን እዚያው ነው።

«ምድጃ ውስጥ ብታስገባው ብየዳው ይመለሳል»

አይመለስም። የዛሬ ቦርዶች የተበየዱበት እርሳስ የሌለው ቅይጥ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙዎቹ ሲሊንደር መሳይ ካፓሲተሮች የተሠሩት እስከ 105 ዲግሪ እንዲችሉ ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ደግሞም ያ ምድጃ ነገ ዳቦ ሊጋገርበት ነው።

«የሶኬቱ እግር ከተጣመመ ቦርዱ ይጣላል»

ኤልጂኤ1700 የሚባለው የኢንቴል ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) 1700 እግሮች አሉት። ከእነዚያ ሁለት ሦስቱ ቢጣመሙ በቀጭን መርፌና በማጉያ መነጽር፣ በደንብ በሚያሳይ ብርሃን፣ አንድ በአንድ ቀስ ብሎ ማቅናት ይቻላል። እኔ የማደርገው ጠዋት ነው፣ ቡና ሳልጠጣ። አንዴ ካቃናችሁት ደግማችሁ አትነካኩት፤ ይሰበራል። በአፍ «ኡፍ» ማለትም ምራቅ መርጨት ነው። ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት የሚገቡት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች እግራቸው ሶኬቱ ላይ ሳይሆን ራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ እነሱን ማቅናቱ ይቀላል።

«ማዘርቦርዱ ከሞተ ፋይሌም ሄዷል»

በመመረቂያ ሰሞን እዚሁ ሱቅ እንባ ያየሁት በዚህ ነው። ጽሑፋችሁ ያለው ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው ላይ ነው። አውጥቶ፣ በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መገልበጥ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ማስቀመጫቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይነቀልም። ዊንዶውሱ በቢትሎከር (ዲስኩን በሚቆልፈው ፕሮግራም) ከተቆለፈ ደግሞ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ፣ ሳይሰበር፣ ፈልጋችሁ ጻፉት።

«ዋስትና አለው» ካቻቢቴ ያመለጠውን ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ቀጥሉ።

«አዲስ አበባ ካልተላከ አይሠራም»

አንዳንዱ ሥራ እውነትም እዚህ የሌለ መሣሪያ ይፈልጋል። ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ለመላክ በፌስታል መጠቅለሉ ሌላ አደጋ ነው። በጎንደር በጋ አየሩ ሲደርቅ ፕላስቲክና ሱፍ ሲፋተጉ ስታቲክ (የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ) ያመነጫሉ። ሰው ቆንጠጥ ሲያደርገው የሚሰማው 3000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ቺፕ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ይጎዳል፣ እናንተም ሳይሰማችሁ። ቦርዱ የመጣበት ብርማ ከረጢት ካለ እሱ ውስጥ፣ ከዚያ በካርቶን። ብርማው ከረጢት ላይ ቦርዱን አስቀምጦ ማብራት ግን አይገባም፤ ላዩ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል።

የተማሪው ቦርድ አዲስ አበባ አልሄደም። ጭረቷ ከእነዚያ እባብ መሳይ መስመሮች ሁለቱን ቆርጣለች። ሽቦ ቀጠልኩ፤ አልሆነም። የተቆረጡት የአንደኛው ራም ቀዳዳ መስመሮች ናቸው። ራሙን ወደ ሌላኛው ቀዳዳ አዛወርኩት፣ ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ በራ። በተበላሸው ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «አትንኩ» ብዬ ጻፍኩበት። ነጠላውን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ቦርዱን በካርቶን ይዞ ሄደ።