«ይግባኝ ላይ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ግድ የለም፣ ይግባኝ እንላለን። እዚያ ሁሉንም በዝርዝር እነግራቸዋለሁ።»

አሜሪካ ውስጥ በጥገኝነት ጉዳዮች ላይ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ይህን አባባል በየጊዜው እሰማዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ትዕግስቴ ያልቃል። ሰዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። የሆነ ወዳጅ የነገራቸውን አምነው ነው። ግን ይህ እምነት ሰው ያስባርራል።

የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ኬዝዎን እንደ አዲስ አይሰማም። ምስክር አይጠራም። አዲስ ሰነድ አይቀበልም። ሦስት ዳኞች በኢሚግሬሽን ዳኛው ፊት የሰጡትን ቃል፣ ያኔ የገባውን ማስረጃና ከዳኛው ቀጥሎ ይግባኝ የሚያየውን የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ውሳኔ ያነባሉ። ሕጉ ከመዝገቡ ውጪ እንዲያዩ አይፈቅድላቸውም። ብዙው ጉዳይ ማንም ችሎት ሳይቀርብ በጽሑፍ ክርክር ብቻ ያልቃል። የቃል ክርክር ካለም አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ጠበቆች ናቸው፤ እሱም የደቂቃዎች ነገር ነው።

«አላመንኩሽም» የተባለ ሰውማ የባሰ ይቸገራል። የይግባኝ ዳኞቹ «እኛ ብንሆን እናምናት ነበር» ስላሉ ብቻ ውሳኔውን አይሽሩም። መዝገቡን ያየ ማንኛውም ምክንያታዊ ዳኛ የግድ ሌላ ድምዳሜ ላይ ይደርስ ነበር የሚያሰኝ ካልሆነ፣ የመጀመሪያው ዳኛ ግኝት ይጸናል። 9ኛው ሰርኪዩት፣ ማለትም ካሊፎርኒያንና ሌሎች ግዛቶችን የሚሸፍነው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ለአመልካቾች ለስለስ ያለ ደንብ ነበረው። የኢሚግሬሽን ዳኛው ወይም ቦርዱ በግልጽ «አላመንንም» እስካላሉ ድረስ የአመልካቹን ቃል እንደ እውነት ይወስድ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 ይህን ደንብ በሙሉ ድምፅ ሻረው።

አንዲት እህት እስር ቤት የደረሰባትን ነገር ችሎት ላይ አፍራ ሳትናገር ቀረች። የሕክምና ወረቀቷ ከአዲስ አበባ የደረሳት ቦርዱ ከወሰነ በኋላ ነው። ወረቀቱ እውነተኛ ነበር። ሦስቱ ዳኞች ግን አላዩትም፤ ማየትም አይችሉም ነበር። ለእንዲህ ያለ ማስረጃ መንገዱ መዝገቡ እንደገና እንዲከፈት ለቦርዱ ማመልከት ነው። ለዚያ በመርህ ደረጃ ያለው ጊዜ 90 ቀን ሲሆን፣ ማስረጃው ቀድሞ ሊቀርብ የማይችል የነበረ መሆን አለበት።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሁሉንም በመጀመሪያው ችሎት ተናገሩ። ለወንድ አስተርጓሚ መናገር የሚከብድሽ ከሆነ ሴት እንድትመደብልሽ ቀድመሽ አስጠይቂ። አስተርጓሚው ከተሳሳተ፣ እኔም ብሆን፣ እዚያው ተቃወሙ። ያልተቃወማችሁት ነገር መዝገቡ ላይ አይገኝም። ከቤተሰብ የሚመጣ ደብዳቤ ቀንና ፊርማ ይኑረው፤ የላኪው መታወቂያ ቅጂና የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይያያዝበት። ማመልከቻ ላይ የጻፋችሁትን ከችሎቱ በፊት መልሳችሁ አንብቡ። የተሳሳተ ቀን ካለ ዳኛው ሳያገኘው እናንተ አርሙት።

«ቦርዱን መዝገብ ክፈቱልኝ ስላልኩ የይግባኙ ቀን ቆሟል።» አልቆመም። ለፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ያላችሁ ጊዜ ከመጨረሻው የማስወጣት ትእዛዝ ጀምሮ 30 ቀን ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ያ ማለት የቦርዱ ውሳኔ የወጣበት ቀን ነው። ሌላ ማመልከቻ ይህን ቀን እንደማያቆመው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 ወስኗል። የሚቆጠረውም ፖስታ ቤት ያስገባችሁበት ቀን ሳይሆን ፍርድ ቤቱ የተቀበለበት ቀን ነው። በ2025 ከ4ኛው ሰርኪዩት በመጣ ጉዳይ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ቀኑ ማለፉ ብቻውን የፍርድ ቤቱን ሥልጣን አያሳጣም አለ። ይህ ሲወራ ሲወራ «30 ቀን ቀረ» ሆነ። አልቀረም። የመንግሥት ጠበቃ «ቀኑ አልፏል» ብሎ ከተከራከረ ኬዙ አሁንም ሊወድቅ ይችላል።

«ይግባኝ ካልኩ ዲፖርት አያደርጉኝም።» ያደርጋሉ። ለቦርዱ የሚቀርበው ይግባኝ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ማስወጣትን ስለሚያግድ ሰው የፌዴራሉም እንደዚያው ይመስለዋል። እዚህ ግን እግድ ለብቻው ይጠየቃል፤ ዳኞቹም ሊከለክሉ ይችላሉ።

«ካሊፎርኒያ ተፈርዷል፣ ለእኛም ይሠራል።» ይህ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ግምት ይመስለኛል። በኢትዮጵያ የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው አስገዳጅ የሕግ ትርጉም በመላ አገሪቱ ይሠራል። አሜሪካ ግን 13 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች አሏት። አንዱ ሌላውን አያስገድድም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በ4ኛው ሥር ናቸው፤ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኔቫዳ በ9ኛው፤ ቴክሳስ በ5ኛው። ወሳኙ የኢሚግሬሽን ዳኛው ጉዳዩን የጨረሰበት ቦታ ነው። የአጎት ልጅ ሲያትል ውስጥ ያሸነፈበት ነጥብ ዳላስ ላይ ላይሠራ ይችላል።

«ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ ገና።» በየዓመቱ ከሚቀርቡለት በሺዎች ከሚቆጠሩ አቤቱታዎች ክርክር የሚሰማው 60 ገደማውን ነው።

«ውሳኔው ተሻረ፣ ወረቀት አገኘሁ።» አብዛኛውን ጊዜ መሻር ማለት ጉዳዩ ወደ ቦርዱ ይመለሳል ማለት ነው። ኤርትራ ውስጥ ተገዶ የእስር ቤት ጠባቂ የሆነ አንድ ሰው ነበር። 5ኛው ሰርኪዩት «ሌሎችን በማሳደድ የተሳተፈ ሰው፣ ተገዶም ቢሆን፣ ጥገኝነት አያገኝም» ብሎ ቢፈርድበትም፣ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ሽሮ መገደዱ ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በቦርዱ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ቦርዱ መልስ የሰጠው በ2018 ነው። ተገዶ ለሠራ ሰው ጠባብ ልዩ ሁኔታ እንዳለ ተቀበለ፤ ሰውዬው ግን አያሟላም አለ። በ2020 ደግሞ ዋና ዓቃቤ ሕጉ ያንን ልዩ ሁኔታ ራሱን ሻረው። እናም «ሪማንድ» (ጉዳዩ ተመልሷል) የሚል ወረቀት ሲደርሳችሁ፣ ለዘመድ ከመደወላችሁ በፊት ጠበቃችሁን «ቀጥሎ ምን እናስገባለን? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ።