የድንገተኛ ሕክምና በኢትዮጵያ፦ ሥልጠናውና ወጪው

በኢትዮጵያ የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ዘርፍ ከሆነ ብዙ ዘመን አልተቆጠረም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሦስት ዓመቱን ትምህርት የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በድንገተኛ ክፍል በሽተኛ ይቀበሉ የነበሩት ተረኛ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ኢንተርኖችና (በመጨረሻው የተግባር ዓመት ላይ ያሉ የሕክምና ተማሪዎች) የሌሎች ክፍሎች ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ነበሩ። በአገር ውስጥ የዘርፉ መምህራን ስላልነበሩ የዊስኮንሲንና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች ባለሙያዎች እየተፈራረቁ አስተምረዋል። የሬዚደንቱን ደመወዝ ግን በአብዛኛው የሚከፍለው ስፖንሰር ያደረገው ጤና ሚኒስቴር ወይም የክልል ጤና ቢሮ ነው፤ ሐኪሙም በምላሹ የማገልገል ግዴታ ይፈርማል።

የአገልግሎቱን ወጪ በተመለከተ የመንግሥት ገንዘብ የሚመጣው ከአንድ ቋት አይደለም፤ ማን ይከፍላል የሚለውን የሚወስነው የጉዳቱ ዓይነት ነው። ለወላድ እናት ወሊዱ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ጤና ሚኒስቴር ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያከፋፍልም በመጀመሪያ ያሰበው እርሷን ነበር። እናትን ማስቀደሙ የሚያስነቅፍ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ መኪናው በፌዴራል ገንዘብ ተገዛ፣ ነዳጁ፣ ጎማውና የሹፌሩ ደመወዝ ግን በወረዳው በጀት ላይ ወደቀ። ከመንግሥት ጎን ለጎን በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ907 የስልክ መስመሩ ሰፊውን የአምቡላንስ ሸክም ይሸከማል።

ከሁሉ ብልሃት ያለበት የመኪና አደጋው አሠራር ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና ያለ ክፍያ ያገኛል፤ አዋጁ ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ወጪውን የሚሸፍነው የመኪናው መድን ሰጪ ሲሆን፣ ገጭቶ ያመለጠ ወይም የሦስተኛ ወገን መድን (መኪናው በሌሎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ መድን) የሌለው መኪና ከሆነ ለዚሁ የተቋቋመው የመድን ፈንድ ይከፍላል። ፈንዱ ገቢ የሚያገኘው ከዓረቦን (ባለመኪናው ለመድን ከሚከፍለው ገንዘብ) ስለሆነ፣ የመድኑን ስቲከር የለጠፈ ባለመኪና ሁሉ ለማያውቀው ቁስለኛ ያዋጣል ማለት ነው። ግን 2,000 ብር ዛሬ ብዙ ሕክምና አይሸፍንም። ከሕንፃ ግንባታ መወጣጫ የወደቀ የቀን ሠራተኛ ደግሞ በዚህ አዋጅ አይታይም፤ እርሱ ያለው አሠሪው ወይም የማኅበረሰብ ጤና መድን ነው፣ ሁለቱም ከሌሉ ኪሱ።

የወረርሽኝ ዝግጁነትን የሚመራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በሚሰጠው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭትን በቦታው የማጥናት ሙያ) ሥልጠናም ለየክልሉ ባለሙያ ያፈራል። ወረርሽኝ ላልሆነው አደጋ ግን በቦታው መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን በእጅና በአካፋ ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ።