ፕሮፔን ኢንጀክሽን ምንድን ነው?

ፕሮፔን ኢንጀክሽን የሚባለው ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ባለው ናፍጣ ሞተር አየር መሳቢያ ውስጥ ጥቂት የፕሮፔን ጋዝ እየለቀቁ ከናፍጣው ጋር አብሮ እንዲቃጠል ማድረግ ነው። ናፍጣው አይቀርም፤ እሳቱን የሚለኩሰው እሱ ነው። ናፍጣ በ210 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በራሱ ሲቀጣጠል ፕሮፔን ወደ 470 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ጋዙ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ ይገባና ኢንጀክተሩ ናፍጣ ሲረጭ አብሮ ይቃጠላል። ጉልበት ይጨምራል፣ ጥቁር ጭስም ይቀንሳል። ቤንዚን መኪናን ወደ ጋዝ መቀየር ሌላ ሥራ ነው።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ጭነት ይዞ የኮሶዬን ዳገት የሚወጣ ፒክአፕ ሲደክም ባለቤቱ ጋዝ ቢያምረው አይገርምም። ግን ጋዝ ነዳጅ ነው እንጂ አየር አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የቆሸሸ ፊልትሮ፣ የላላ የተርቦ ቱቦ ማሰሪያ ወይም ያረጀ ኢንጀክተር ነው፤ መጀመሪያ እነሱ ይታዩ። ዘይት የሚበላ ወይም ውሃ የሚያፈላ ሞተር ላይ ጋዝ መግጠም ቴስታታ ጋስኬቱን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን መድፈኛ) እያወቁ ማቃጠል ነው።

ምን ያህል ጋዝ? ሙሉ ጭነት ላይ በሰዓት 20 ሊትር ናፍጣ የሚያነድ 2.8 ሊትር ሞተር እንውሰድ። የናፍጣውን ኃይል አንድ አምስተኛ በፕሮፔን ለመጨመር በሰዓት 3 ኪሎ፣ ማለትም በደቂቃ 50 ግራም ያህል ይበቃል። ከዚህ በላይ መሄድ አንመክርም፤ መጀመሪያም በግማሹ ይሞከር። ሞተሩ በሙሉ ኃይል አየር ሲስብ ይህ መጠን የአየሩን ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፕሮፔን አየር ውስጥ የሚቀጣጠለው ከ2.1 እስከ 9.5 በመቶ ሲሆን ስለሆነ መሳቢያው ውስጥ እሳት የሚይዝ ድብልቅ አይኖርም። አደጋው ያው ጋዝ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ እየዞረ) እያለ ሲፈስ ነው። በደቂቃ 800 ዙር የሚሽከረከር ይኸው ሞተር የሚስበው አየር በጣም ትንሽ ነው፤ ጎንደር ላይ ድብልቁ 3 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አንድ ዓይነት ኖዝል (ጋዙ የሚለቀቅበት አፍ)፣ አንድ ዓይነት ፍሰት፣ ግን አሁን መሳቢያው ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ጋዝ ሲያፈስ ካደረ ደግሞ የጠዋቱ ቁልፍ ነው የሚለኩሰው።

ስለዚህ የገጠማው ዋና ነገር ኖዝሉ ሳይሆን መዝጊያው ነው። መብራት ሲቋረጥ በራሱ የሚዘጋ 12 ቮልት ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ) ታንኩ አጠገብ፣ ሁለተኛው ደግሞ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር ጋ ይገጠማል። መብራታቸው በፊውዝ በኩል በተከታታይ አራት ነገሮችን ያልፋል፦ የመኪናውን ቁልፍ፣ የሾፌሩን ማብሪያ፣ ሞተሩ እየሠራ መሆኑን የሚያረጋግጠውን የዘይት ግፊት ስዊች፣ ከዚያም የተርቦ ግፊት ስዊቹን። አንዱ ከተቋረጠ ጋዝ የለም። ለግጭት የሚሆን የድንጋጤ ስዊች ቢጨመር ደግሞ የተሻለ ነው። ማብሪያ ብቻ አድርጎ «ሾፌሩ ያጠፋዋል» ማለት አይሠራም፤ ሾፌር ይረሳል።

የተርቦ ስዊቹ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መመሪያው «0.5 ባር» ቢል ያ ቁጥር ከአካባቢው አየር በላይ ያለ ግፊት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ በድምሩ 1.5 ባር ይሆናል፤ እዚህ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ 0.78 ባር ገደማ ስለሆነ 1.28 ላይ ይቀራል። ያንኑ ያህል አየር ሳይገባ ጋዙ እንዳይከፈት ስዊቹ ወደ 0.7 ባር ከፍ ይበል።

ታንኩ ለተሽከርካሪ ተብሎ የተሠራ፣ 80 በመቶ ላይ መሙላት የሚያቆምና የግፊት ማስተንፈሻ ያለው መሆን አለበት። የወጥ ቤት ሲሊንደር አይሆንም። መሙያ ማቆሚያ የለውም፣ ለንዝረት አልተሠራም፣ ውስጡ ያለውም ብዙ ጊዜ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። ቡቴን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም ደጋ ላይ በብርድ ግፊቱ ይወርዳል፤ ሞተር ውስጥም ከፕሮፔን ቀድሞ ያንኳኳል (ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን ይመታል)። ጋዝ በብዛት ሲሳብ ታንኩ ውርጭ ይለብስና ፍሰቱ ይደክማል፤ ረጅም ዳገት ላይ ለሚሠራ መኪና በራዲያተር ውሃ የሚሞቅ ሬጉሌተር ያስፈልጋል።

ታንኩ ከፒክአፑ ኋላ፣ ከካቢን ውጭ ይታሰር። ቱቦው ለጋዝ የተሠራ ይሁን፤ የውሃ ጎማ ጋዙ ይበላዋል። ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ በቆርቆሮ ውስጥ ሲያልፍ የጎማ መከላከያ ይደረግለት። ኖዝሉ ከፊልትሮና ከአየር መለኪያው በኋላ፣ ከተርቦው በፊት ይገባል።

ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወደ ታች ይወርዳል። የጋራዥ ጉድጓድ ላይ ቆሞ ሥራውን መሥራት ፈጽሞ አይገባም፤ ጉድጓዱ ጋዝ ይሞላል። ደጅ ላይ፣ ብየዳና የከሰል ምድጃ በሌለበት ይሠራ። መፍሰሱ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፣ በክብሪት አይደለም።

የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም ጋዝ አይከፈት። ዳሳሹ ከተርቦው በፊት የጭስ ማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚሰበሰብበት ብረት) ላይ ይገባል፤ ማኒፎልዱ ተፈትቶ ይበሳ፣ የብረት ፍንጣሪ ተርቦውን ያበላሻልና። 700 ዲግሪ ሲደርስ እግር ይነሳ። ከተለመደው የናፍጣ ድምፅ የሳለ መንኳኳት ከተሰማ ጋዙ በዝቷል፤ ወዲያው ጠፍቶ ኖዝሉ ይቀነስ፣ ያለዚያ ቀጥሎ የሚሄደው ፒስተኑ ነው። መኪናው ሲያድር የታንኩ የእጅ ቫልቭ ይዘጋ፤ ማያያዣዎቹም ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ እንደገና በአረፋ ይታዩ።