ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አለመነሳቱ ምንድን ነው?

«መኪናዬ አልነሳም አለኝ» የሚለው አቤቱታ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድ ስም ይጠራል። ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ ወይም «ጠቅ» ብሎ ብቻ ዝም ካለ፣ ጥርጣሬው በባትሪው፣ በባትሪው ማሰሪያዎች ወይም በሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት በሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ላይ ያርፋል። ሞተሪኖው በወትሮው ፍጥነት እያዞረ ሞተሩ ግን በራሱ ጉልበት መሥራት ካልጀመረ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚህ የሚብራራውም እርሱ ነው። በባሕር ዳር ጎዳና መኪና ለመግፋት እጁን የማይሰስት ወጣት አይጠፋም፤ ሆኖም መግፋት የሚተካው የሞተሪኖን ሥራ በመሆኑ፣ ሞተሪኖው ድርሻውን እየተወጣ ላለ መኪና አይፈይድም።

የቤንዚን ሞተር ለመነሳት ነዳጅና አየር በተመጣጠነ መጠን፣ ከካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚያቀጣጥለው ዕቃ) የሚወጣ እሳት በትክክለኛው ቅጽበት፣ እንዲሁም በሲሊንደሩ ውስጥ በቂ ኮምፕሬሽን (የነዳጅና የአየሩ ድብልቅ መታመቅ) ያስፈልጉታል። ስለዚህ ምርመራ ማለት ከእነዚህ የጎደለውን መለየት ነው፤ ይህ ሳይለይ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

ለመለየት ቀላሉ መንገድ ሞተሩን ጥቂት ካዞሩ በኋላ ካንዴላ ፈትቶ ማየት ነው። ካንዴላው በቤንዚን ርሶ ከወጣ ነዳጅ እየደረሰ ነውና ወደ እሳቱ መሄድ ይገባል፤ ደርቆ ከወጣ ግን ፍለጋው በነዳጁ መስመር ይጀምራል። በኢንጀክተር (ነዳጅ በሚረጭ አፍንጫ) በሚሠሩ ብዙ መኪኖች ቁልፉ ሲከፈት በሰርባትዮው (በነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ያለው ፓምፕ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሲያጉረመርም ከኋላ ወንበር ይሰማል፤ ድምፁ ከጠፋ ፓምፑን ከመኮነን በፊት ፊውዙንና ሪሌውን (የፓምፑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) መፈተሽ ያስፈልጋል። የነዳጅ መለኪያው ራሱ ሊሳሳት እንደሚችልም አይዘንጋ፤ በጠርሙስ የተገዛ ቤንዚን ከሆነ ደግሞ ውሃ ወይም ናፍጣ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል።

እሳቱን በተመለከተ የጣና ዳርቻ የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ከሐይቁ አጠገብ ደጅ ያደረ፣ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ዕቃ) ያለው አሮጌ መኪና በክዳኑ ውስጥ ጤዛ ሊቋጥር ይችላል፤ ከቦቢናው (የባትሪውን ቮልት ከሚያሳድገው ጥቅል) የሚመጣው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ካንዴላ ከመድረስ ይልቅ በእርጥበቱ ላይ ሾልኮ ይባክናል። እንዲህ ሲሆን ቁልፉን አጥፍቶ ክዳኑን ማንሳት፣ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅና ስንጥቅ መኖሩን ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለየካንዴላው የየራሱ ቦቢና ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ግን ሞተሪኖው ሲያዞር የዙር መለኪያው ቀስት ከዜሮ ካልተንቀሳቀሰ የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቀው የክራንክ ሻፍት ሴንሰር ይጠረጠራል። የቁልፍ ምልክት ያለው መብራት በዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ከቀጠለ ደግሞ መኪናው ቁልፉን አላወቀው ይሆናል።

ነዳጅ የበዛበት ሞተርም አይነሳም። ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ባሕር ዳር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በዚህም የተነሳ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር (በአሮጌ መኪኖች ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ከሚገባው በላይ ቤንዚን ስለሚሰጥ፣ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ካንዴላዎቹን ቶሎ ያርሳቸዋል። በብዙ ኢንጀክተር መኪኖች ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ማዞር ነዳጁን አቋርጦ ሲሊንደሩን ያናፍሳል።

በዝግታ የሚዞር ሞተርን ግን ለብቻው መመልከት ይገባል። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ሲኖረው፣ በማዞር ላይ ከ9.6 በታች ከወረደ ሞተሪኖው ቢዞርም የመኪናው ኮምፒውተር ሥራውን ላያከናውን ይችላል።

ናፍጣ ሞተር የእሳት ካንዴላ ስለሌለው መጀመሪያ የሚፈተሸው በነዳጅ መስመሩ የገባ አየር፣ በፊልትሮው የተጠራቀመ ውሃና ማሞቂያ ካንዴሊታዎቹ ናቸው።

በማንኛውም ሙከራ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አለማዞርና ሞተሪኖው እንዲበርድ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። ሞተሩ ከወትሮው ፈጥኖና ያለምንም መታገል፣ አንድ ወጥ በሆነ ድምፅ ከዞረ ግን የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር አጣጥሞ የሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ማቆም ግድ ነው፤ በብዙ ሞተሮች ፒስቶኑ ቫልቮቹን መትቶ ያጣምማቸዋልና ከዚያ በኋላ አንዲት ተጨማሪ ሙከራ እንኳ መደረግ የለባትም።