ወደ ተራራማ አካባቢ በየብስ ስንሄድ መጓጓዣ አመራረጣችንን የሚያሳስቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከትልቅ ከተማ ተነስቶ ወደ ተራራማ አካባቢ ለመሄድ ሲታሰብ ቀድመው የሚነሱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ስንት ያስከፍላል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ችግሩ ሁለቱንም የምንመልሳቸው በሜዳው መንገድ ሒሳብ መሆኑ ነው። መኪናንም ሾፌርንም የሚፈትነው ግን መንገዱ መጠማዘዝ፣ መውጣትና መውረድ ከጀመረበት ቦታ በኋላ ያለው ነው። መጓጓዣ መመረጥ ያለበት ለዚያኛው ክፍል ነው።

«300 ኪሎ ሜትር ከሆነ አራት ሰዓት ይበቃል»

ከ300ው ኪሎ ሜትር 220ው ሜዳ፣ 80ው ተራራ ነው እንበል። ሜዳው ላይ በሰዓት በአማካይ 75 ኪሎ ሜትር ከተኬደ 220ው በሦስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። ተራራው ላይ ግን በየኩርባው ፍጥነት እየተቀነሰ፣ ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተቱ አማካዩ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ያ 80 ኪሎ ሜትር ብቻውን ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል ማለት ነው። ሁለት የ20 ደቂቃ እረፍት ሲጨመርበት ጉዞው ሰባት ሰዓት ይሆናል።

ከዚሁ ሒሳብ ሌላም ነገር ይታያል። ሜዳውን በ75 ፋንታ በ90 የሚሄድ መኪና ብትመርጡ የምታተርፉት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ትኬት ሻጩን ወይም ሾፌሩን «ከተራራው ግርጌ እስከ መድረሻው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ስለ መንገዱ እውነቱን የሚነግራችሁ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

«ሚኒባስ ስለሚፈጥን ከአውቶቡስ ይሻላል»

ሚኒባስ የሚፈጥነው ሜዳ ላይ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ሁሉም በአንድ ሰልፍ ነው የሚሄደው። ትልቁ ልዩነት ያለው ፍሬኑ ላይ ነው። ብዙ ትልልቅ አውቶቡሶች ከጎማው ፍሬን ሌላ፣ በሞተሩ የጭስ መውጫ ወይም በካምቢዮው በኩል መኪናውን የሚይዝ ተጨማሪ ፍጥነት መቀነሻ አላቸው። ሚኒባስ አብዛኛውን ጊዜ ያለው የጎማው ፍሬንና ማርሹ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትርፍ ሰው ሲጫንበትና ፖርቶመጋላው ላይ ሻንጣ ሲከመርበት፣ ክብደቱ ከተሠራበት ልክ ያልፋል፤ ሚዛኑም ወደ ላይ ይወጣል። ወለል ላይ ያለ 100 ኪሎ ኩርባ ላይ ብዙም አይሰማም፤ ጣሪያ ላይ ያለው ያው 100 ኪሎ ግን መኪናውን ወደ ውጭ ይጎትተዋል።

ጉልበቱም ይቀንሳል። አየር ከፍታ ላይ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ 3,000 ሜትር ላይ ወደ ሲሶው ይጠጋል። ሜዳ ላይ ቀድሞ ለማለፍ የሚበቃ ክፍት መንገድ እዚያ አይበቃም። አቅሙን ሳያውቅ ለመቅደም የወጣ ሾፌር መሐል መንገድ ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ትንሽ መኪና የራሱ ቦታ አለው፤ መንገዱ ጠባብና ኩርባው አጭር የሆነበት ቦታ ትልቅ አውቶቡስ አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ተራራው ግርጌ እስካለው ከተማ በትልቅ አውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በትንሽ መኪና። ከመሳፈር በፊት ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ መኪናውን ዙሩት። የጎማው ጥርስ በብዙ አገር ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ለእርጥብ መንገድ ግን 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ኋላ ጥንድ ጎማ ካለው የውስጠኛውንም እዩ፤ ብዙ ጊዜ ያረጀው ወደ ውስጥ ይገባል። ቀበቶው መኖሩን ብቻ ሳይሆን መቆለፉንም ሞክሩ።

«አደገኛው ዳገቱ ነው፤ ቁልቁለቱ ያው መውረድ ነው»

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ዳገት ላይ የደከመ መኪና ይቆማል፤ ቁልቁለት ላይ የደከመ ፍሬን ግን አያቆምም።

12 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 118 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ 350 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ ይህ ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ መውጣት አለበት፤ መውጫው ደግሞ ወይ ሞተሩ ነው፣ ወይ ፍሬኑ። ሞተር ራዲያተር አለው፤ ሙቀቱን ቀኑን ሙሉ ሊያስወጣ ይችላል። የፍሬን ሸራና ታምቡር የሚቀዘቅዙት በነፋስ ብቻ ነው።

ፍሬን ከልክ በላይ ሲግል ሁለት ነገር ሊደርስ ይችላል። አንደኛው ሸራው ራሱ መያዝ ያቅተዋል፤ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን አይታዘዝም። ሁለተኛው የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልስና ወለሉ ድረስ ይገባል። ዘይት በቧንቧ ውስጥ አይታመቅም፤ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ እግር የሚገፋው እንፋሎቱን ብቻ ይሆናል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም። ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን የመፍያው ልክ እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። የራሱን መኪና ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው ከሞተር ዘይት ይልቅ የዚህን ዘይት ዕድሜ ማወቅ አለበት።

አወራረዱ ከባድ አይደለም። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ይገባል፤ ዳገቱን የወጣችሁበት ማርሽ ለመውረጃም ጥሩ መነሻ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ አትተዉት፤ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል አውርዱት። ፍሬኑን እግር ጭኖ እያሹ መውረድ ስህተት ነው። ፍጥነቱ ከወሰናችሁት ልክ ሲደርስ ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ሲል ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ከዚያ መድገም። በመሐል የሚገኘው ጊዜ ለፍሬኑ መቀዝቀዣ ነው።

ተሳፋሪም ይህን በጆሮው ሊያውቅ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ከፍ ባለ ድምፅ ሲጮህ ብዙ ሰው «ሾፌሩ መኪናውን እየገደለው ነው» ብሎ ይደነግጣል። ተቃራኒው ነው፤ ጩኸቱ ሞተሩ መኪናውን ይዞ እያወረደው መሆኑን ይናገራል። የሚያስፈራው ጸጥ ብሎ የሚወርድ መኪና ነው፤ በተለይ የተቃጠለ ጨርቅና ጎማ የመሰለ ሽታ ከተከተለው። ያን ጊዜ ሾፌሩን አቁም ማለት መብት ነው። ከቆመ በኋላ ጎማው ላይ ድንጋይ ተደርጎ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ውሃ አይፈስበትም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

«ማርሽ አውጥቶ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል»

በካርቡሬተር ዘመን የመጣ ልማድ ነው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ እግር ከነዳጅ ፔዳል ተነስቶ ሲወርድ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው ነዳጁን ጭራሽ ያቋርጠዋል። ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሰው እንግዲህ ነዳጅም ያቃጥላል፣ ሞተሩም አይይዝለትም። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ አጋዥ ጉልበትም ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል።

«ፎር ባይ ፎር ከያዝኩ የትም እደርሳለሁ»

ፎር ባይ ፎር የሚጠቅመው ለመነሳትና ለመውጣት ነው። ማቆም ላይ ግን ከሌላው መኪና የሚበልጥበት ነገር የለም፤ የትኛውም መኪና በአራቱም ጎማ ነው ፍሬን የሚይዘው። ይልቁንም ቁመቱ ረጅምና ክብደቱ ብዙ ስለሆነ ኩርባ ላይ ለመገልበጥ የቀረበ ነው። በእጅ የሚገባ ፎር ባይ ፎር ደግሞ በደረቅ አስፋልት ላይ አይገባም፤ ሲጠማዘዝ የፊቱና የኋላው ጎማ የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ ጊሩ ይታነቃል። መንገዱ እስከ መጨረሻው አስፋልት ከሆነ ጥሩ ጎማና ጤነኛ ፍሬን ያላት ትንሽ አውቶሞቢል በቂ ናት።

«ከፍታ ላይ ጎማ ስለሚያብጥ አየር መቀነስ አለበት»

የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ከባሕር ጠለል ወደ 3,000 ሜትር ሲወጣ የጎማ መለኪያ 4.5 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ሊያሳይ ይችላል። ግን በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚወርድ ቅዝቃዜው 3 ፒኤስአይ ያህሉን መልሶ ይወስደዋል። የሚቀረው ጭማሪ ከቁጥር አይገባም። አየር ቀንሶ የወጣ ሰው ሲመለስ ሜዳው ላይ በጎደለ ጎማ በፍጥነት ይነዳል፤ ጎማ የሚፈነዳው ያን ጊዜ ነው።

«የኤሌክትሪክ መኪና ተራራ አይወጣም»

ይወጣል፤ የሳሳ አየር ጉልበቱን አይቀንስበትም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ለመውጣት ከሜዳው ፍጆታ በላይ ቢያንስ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ሲወርድ ከዚህ የተወሰነውን መልሶ ይሞላል። ወጥመዱ ያለው ተራራው ላይ አድሮ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ቁልቁል መነሳት ላይ ነው። የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው በሞተር መያዙ ይዳከማል። 80 በመቶ ላይ አቁሞ መነሳት ይሻላል።

«ሌሊት መንገዱ ባዶ ስለሆነ ይሻላል»

ሌሊት አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው፦ ከኩርባው ማዶ የሚመጣ መኪና በመብራቱ አስቀድሞ ይታወቃል። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ጉዳት ነው። የወደቀ ድንጋይ፣ የተሸረሸረ የመንገድ ጠርዝ፣ ያለ መብራት የቆመ ጭነት መኪና ሌሊት ላይ የሚታዩት በጣም ከቀረቡ በኋላ ነው። ጭጋግ ሲመጣ ረጅም መብራት ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ላይ ስለሚያርፍ አይረዳም፤ አጭሩ ይሻላል። የሰው አካል ደግሞ ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ድረስ እንቅልፍ እጅግ የሚጫነው ጊዜ ነው፤ ከምሽት የተነሳ መኪና ተራራው ላይ የሚገኘው ልክ በዚያው ሰዓት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአውቶቡስ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም ቁጥሩ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ረጅም ጉዞ ከሆነ ስንት ሾፌር እንዳለ ጠይቁ።

ተራራ ላይ ከቀትር በኋላ ደመናና ዝናብ ስለሚበዛ የሚመረጠው ንጋት ላይ ተነስቶ ጠመዝማዛውን ከቀትር በፊት መጨረስ ነው።

«ባቡር ካለ ሌላ አያስፈልግም»

ለድካምም ለደኅንነትም ባቡርን የሚስተካከል የለም። ነገር ግን የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ዋና ዋና መስመሮች ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜትር ርቀት 2 ወይም 3 ሜትር በላይ አይወጡም። በስዊዘርላንድ የበርኒና መስመር 7 ሜትር ይወጣል፤ ከ1889 ጀምሮ የሚሠራው የፒላቱስ ባቡር 48 ይወጣል፤ ያንን የሚችለው ግን ጥርስ ባለው ሐዲድ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ባቡር አብዛኛውን ጊዜ ሸለቆው ውስጥ ወይም ግርጌው ላይ ያቆማል። ትኬት ከመቁረጥ በፊት ከጣቢያው ወደ ላይ የሚወስደው የመጨረሻ መኪና የሚነሳበትን ሰዓት እወቁ፤ ባቡሩ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ የሚደርስ ይሁን።

«ማቅለሽለሽ ከሆድ ስለሚመጣ በባዶ ሆድ መጓዝ ነው»

ማቅለሽለሽ የሚመጣው ዓይንና ውስጠኛው ጆሮ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው፤ ጆሮ መዞሩን ይሰማል፣ ስልክ ላይ የተተከለ ዓይን ግን ቆመናል ይላል። ባዶ ሆድ ያባብሰዋል፤ ቀለል ያለና ቅባት ያልበዛበት ምግብ ይሻላል። የባሰው መቀመጫ ከኋላው ጎማ በስተጀርባ ያለው ነው፤ ከጎማው አልፎ ስለሚወጣ በየኩርባው እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ፊት ለፊት ወይም በሁለቱ ጎማዎች መሐል ተቀምጦ ሩቅ መንገዱን ማየት ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመነሳቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይውሰድ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይሠራም።

«በመኪና ቁጭ ብለን ስለምንወጣ ከፍታው አይጎዳንም»

ሰውነት የሚቆጥረው ድካሙን ብቻ አይደለም፤ የከፍታውን ለውጥና ፍጥነቱንም ነው። መኪና ከእግር ይልቅ አደገኛ የሚሆነው በዚሁ ነው፦ ከዝቅተኛ ቦታ የተነሳን ሰው በአንድ ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ያደርሰዋል። ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊመጡ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩትም ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያመጣችሁ መኪና ከተመለሰ በኋላ ማለት ነው። ቀጥታ ከሚወስድ መኪና ይልቅ መሐል ላይ የሚያሳድር ጉዞ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የማደሪያ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል።

ራስ ምታቱ እየጸና ሄዶ ሰውየው ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ሌሊት ቢሆንም ሳይዘገይ ወደ ታች መውረድ አለበት። ስለዚህ የመሄጃውን ትኬት ስትቆርጡ ማታ ማታ እላይ የሚያድር መኪና መኖሩንና ሾፌሩ የት እንደሚገኝ አብራችሁ ጠይቁ።